ካምፓሱ ያፈራው፣ ካምፓሱ የሚከራየው

ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ጁን 30 ቀን 2024 ጥገና ማግኘቱን አቆመ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰርቨሮቻቸውን ለዓመታት በእሱ ያቆሙ የዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍሎች ሌላ ማረፊያ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ሴንትኦኤስን የሚደግፈው ኩባንያ ሬድ ሃት አቅጣጫ መለወጡን በዲሴምበር 2020 አስታውቆ ስለነበር ዱብ ዕዳ አልነበረም። ኮዱ ክፍት በመሆኑም ምትኩ ቶሎ ተገኘ፦ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ በ2021 ወጡ፤ የጄኔቫው የምርምር ማዕከል ሰርንና የአሜሪካው ፌርሚላብ አልማሊኑክስን መረጡ።

በካምፓስ ኔትወርክ ሥር የሚሠሩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተወለዱትም እዚያው ካምፓስ ውስጥ ነው። የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልሰው ባይንድና ኢሜይል አመላላሹ ሴንድሜይል ከበርክሌይ፣ ማንነት አረጋጋጩ ከርበሮስ ከኤምአይቲ ወጥተዋል። ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ምርምር የመነጨው ስኩዊድ ደግሞ አንድ ተማሪ የከፈተውን ገጽ አስቀምጦ ለቀጣዩ ከዚያው ያቀርባል። መስመሩ ቀጭን፣ ተጠቃሚው ብዙ በሆነበት ካምፓስ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ገጾች በምስጠራ መላክ ከጀመሩ ወዲህ ግን ጥቅሙ ሳስቷል።

ለማስተማሪያ ሙድል አለ፤ ማርቲን ዱጊያማስ በአውስትራሊያው ከርቲን ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጀመረው ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2002 ወጣ። ለቤተ መጻሕፍት የኒው ዚላንዱ ኮሃ፣ ለጥናታዊ ጽሑፎች ማከማቻ ኤምአይቲና ኤችፒ በ2002 ያወጡት ዲስፔስ ይታወቃሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎቹን ያኖረው በዲስፔስ ነው።

ከሁሉ የረቀቀው ግን የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የዋይፋይ መግቢያ የሆነው ኤዱሮም ነው። ሐሳቡን በ2002 ያቀረበው ኔዘርላንዳዊው ክላስ ዊረንጋ ሲሆን፣ ዛሬ ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች ይሠራበታል። አንድ እንግዳ መምህር ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ስልኩን ሲከፍት የመግቢያ ጥያቄው ራዲየስ በተባሉ ማንነት አጣሪ ሰርቨሮች ቅብብል እስከ ገዛ ዩኒቨርሲቲው ይደርሳል፤ መንገዱን የሚጠቁመው በመለያ ስሙ መጨረሻ ያለው የተቋሙ አድራሻ ነው። የይለፍ ቃሉ ተመስጥሮ ስለሚያልፍ አስተናጋጁ አያየውም፤ የሚደርሰው «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚል መልስ ብቻ ነው። ይህን ሥራ በብዙ ቦታ የሚሸከመው ፍሪራዲየስ የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። ደካማ ጎኑ ያለው ተጠቃሚው እጅ ላይ ነው። ስልኩ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት እንዲያጣራ ካልተስተካከለ፣ በዚያው ስም የተከፈተ ሐሰተኛ ዋይፋይ የይለፍ ቃሉን ሊለቅም ይችላል። «ሰርተፊኬቱን ዝም ብለህ ተቀበል» የሚል መመሪያ የሚለጥፍ አይሲቲ ክፍል ለሌባው በሩን ራሱ ይከፍታል።

በራስ ማስተዳደር ወይስ መከራየት የሚለው ክርክር የሚበረታው በኢሜይልና በፋይል ማከማቻ ላይ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አይፈለጌ መልእክትን መታገል ሰልችቷቸው ኢሜይላቸውን ለጎግል ወይም ለማይክሮሶፍት አስረከቡ፤ ያኔ የጎግሉ ማከማቻ በነፃ የሚሰጥና ገደብ የለሽ ነበር። በ2021 ግን ጎግል ለአንድ ተቋም በጠቅላላ 100 ቴራባይት መሠረታዊ ጣሪያ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ይህ ለ20,000 ተጠቃሚ ሲካፈል ለአንዱ 5 ጊጋባይት ይደርሰዋል። በአማርኛ «ነፃ» ዋጋ የማይከፈልበትንም፣ በማንም ሥር ያልሆነውንም ይገልጻል፤ ጎግል የሰጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ክፍት ምንጭ ነገሩን ይገለብጠዋል፦ አዛዥ የለበትም፣ ወጪ ግን አለበት። ዲስክ፣ መብራት፣ ጄኔሬተር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰርቨር በሌሊት ሲወድቅ ከእንቅልፉ የሚነሣ ባለሙያ ይፈልጋል። ባለሙያው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው የሚጠፋበት ካምፓስ ጥቂት አይደለም።

ወጪውን መጋራት አንዱ መውጫ ሆኗል። በጀርመኑ የኖርድራይን-ቬስትፋለን ግዛት የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች በ2015 ኦውንክላውድ በተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ላይ የጋራ የፋይል ማከማቻ አቋቁመው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 30 ጊጋባይት ሰጡ። የሚያስተዳድረው የሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፋይሎቹም የሚቀመጡት በዚያው ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ሰርቨሮች ላይ ነው።