አራት ሲሊንደር ያለው ሆንዳ ስለ ምን ይወደዳል?

ዛሬ በፍጥነት ከሆንዳ ሲ.ቢ. 750 የሚበልጥ ሞተር ብስክሌት ሞልቷል። ታዲያ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን ይህን አሮጌ መኪና ሰዎች እየፈለጉ በውድ ዋጋ የሚገዙት ስለ ምንድን ነው? «የወጣትነት ትዝታ ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ምክንያቱ በሞተሩ ውስጥ ይገኛል እላለሁ።

ሆንዳ ይህን ሞተር ብስክሌት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 በቶኪዮ ትርኢት ላይ አሳይቶ በ1969 ለገበያ አቀረበ። በዚያን ጊዜ በትልልቅ ሞተር ብስክሌት ሥራ ስማቸው የተጠራው እንግሊዞች ነበሩ። ከሥራቸው የሚበዛው ሁለት ሲሊንደር ያለው ሲሆን፥ ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ የነጂውን እጅ እስኪያደነዝዝ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሆንዳ ግን አራት ሲሊንደሮችን ጐን ለጐን ደረደረ፤ ሁለቱ ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ የአንዱ ጥንድ ንዝረት የሌላውን ያስታግሣል። ደግሞም የእንግሊዞቹ የሞተር ቤት ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተከፈለ ስለ ነበረ በመጋጠሚያው ዘይት ያንጠባጥባል፤ የሆንዳው ግን በአግድም የተከፈለ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ጧት ተነሥቶ ከሞተሩ ሥር የዘይት ኩሬ አያገኝም ማለት ነው።

ይዘቱ 736 ሲሲ፥ ጉልበቱ 67 ፈረስ፥ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በእግር ሳይረገጥ በሞተሪኖ ይነሣል፤ በፊት ጐማውም በዘይት ግፊት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን አለው። ይህን ሁሉ ከአራት ማርሚታ ጋር ማንም ነጂ ከመደብር ሊገዛው መቻሉ ያን ጊዜ ያልተለመደ ነገር ነበር። እርግጥ ነው፥ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ኩርባ ላይ አይታዘዝም፤ አራቱን ካርቡራተር እኩል ማስተካከልም ትዕግሥት ለሌለው ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ፋብሪካው ራሱ ይህን ያህል ይሸጣል ብሎ አላሰበም። በዓመት 1,500 ያህል ይበቃል ብሎ ሲገምት፥ ያው ቍጥር ወዲያው የአንድ ወር ሥራ ሆነ። ስለዚህ ለብዙ ምርት የሚሆነው ውድ ቅርጽ ሳይዘጋጅ በፊት የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ገጻቸው ሻካራ ነው፤ ሰብሳቢዎችም ዛሬ ከሁሉ አብልጠው የሚሹት እነዚህኑ ሻካራዎቹን ነው።

በ1970 በአሜሪካ በዴይቶና የ200 ማይል ውድድር ሲደረግ ሌሎቹ የሆንዳ ነጂዎች ከውድድሩ ወጡ። የ35 ዓመቱ ዲክ ማን ብቻውን ቀረ፤ የእርሱም ሞተር ወደ መጨረሻው እየደከመ ሄደ። እርሱ ግን ፍጥነቱን ቀነስ እያደረገ ሞተሩን አስታምሞ፥ በትራያምፍ የሚከተለው ጂን ሮሜሮ ሳይደርስበት አንደኛ ሆኖ ገባ።