ሸክምን የሚሸከም አጥንት፤ ተረትና እውነታ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባለችው በሺሺንዳ፣ የደረቀው ቡና በጆንያ ተሞልቶ ለጭነት ሲቀርብ፣ አንዱ ጫኝ ጎንበስ ብሎ ጓደኞቹ አንሥተው የሚያሳርፉለትን ሸክም በትከሻው ተቀብሎ ወደ መኪናው ሲያመራ፣ በላብ ከረጠበው ሸሚዙ ሥር ሦስት ማዕዘን ያለው ጠፍጣፋ አጥንት በጀርባው ላይ ሲንሸራተት ይታያል። በግዕዙ መትከፍት የተባለው ትከሻ የሚደገፈው በዚህ አጥንት ነውና፣ ስለ እርሱ የሚነገረውን ከእውነቱ ጋር ማስተያየት ይገባል።

ተረት፦ ጠፍጣፋው አጥንት ከጎድን ጋር የተጣበቀ ነው።

እውነታ፦ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው የጎድን አጥንት ድረስ ተዘርግቶ ቢገኝም፣ ከጎድን ጋር አንዳች መገጣጠሚያ የለውም፤ ከደረት አዕፅምት ጋር የሚያገናኘው ከአንገት ሥር በአግድም የተዘረጋው ቀጭን አጥንት ብቻ ሲሆን፣ በቦታው የሚያጸኑት ከየአቅጣጫው የሚስቡት 17 ጡንቻዎች ናቸው።

ተረት፦ እጅ ወደ ላይ የሚነሣው በክንዱ መገጣጠሚያ ብቻ ነው።

እውነታ፦ በከፋ ደን ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል ንብ አርቢ፣ እጁን ከጎኑ አንሥቶ ከራሱ በላይ ሲያቀና ክንዱ 180 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ከዚህም 120 ያህሉ ከክንዱ መገጣጠሚያ ሲገኝ፣ 60 ያህሉ የሚገኘው ጠፍጣፋው አጥንት በጎድን ላይ ሲዞር ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን ወደፊትና ወደኋላ የሚመታውም ይኸው አጥንት እንደ ልቡ ስለሚንሸራተትለት ነው።

ተረት፦ ይህ አጥንት ጎልቶ ቢወጣ የክሳት ምልክት ነው።

እውነታ፦ ክሳት በሁለቱም ወገን ያጎላዋል፤ በአንድ ወገን ብቻ፣ ይልቁንም ሰውዬው ግድግዳን በመዳፉ ሲገፋ፣ እንደ ክንፍ ተነሥቶ ከታየ ግን፣ አጥንቱን ወደ ጎድን የሚያስጠጋው ጡንቻ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ትከሻን ለብዙ ጊዜ የሚጫን ከባድ ሸክምም ለዚህ ጉዳት አንዱ ምክንያት ነው።

ተረት፦ ትከሻው የታመመ ሁሉ ወልቆበታልና ወጌሻ ይሳብለት።

እውነታ፦ ወለቀ የሚባለው የክንድ አጥንት ራስ በጠፍጣፋው አጥንት ጫፍ ካለው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ሲወጣ ነው፤ ነገር ግን ስብራትም የጅማት መበጠስም እንዲሁ ያማሉና፣ በራጅ ሳይታይ መጎተት ነርቭንና የደም ሥርን ለጉዳት ያጋልጣል። ጠፍጣፋው አጥንት ራሱ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ እንደ መኪና አደጋ ወይም ከዛፍ እንደ መውደቅ ባለ ኃይለኛ ምት ስለሆነ፣ ይህ የደረሰበት ሰው ጎድኑና ሳንባውም ሊመረመር ይገባል።

ተረት፦ በሁለቱ ጠፍጣፋ አጥንቶች መካከል የሚወጋው ብርድ ነው።

እውነታ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው በሥራ የዛለ ጡንቻ ነው፤ ሆኖም የሐሞት ከረጢት ሕመም በቀኙ አጥንት ሥር፣ የልብ ሕመምም በጀርባ ሊሰማ ስለሚችል፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከላብ ወይም ከደረት መጨነቅ ጋር የመጣ ውጋት በቅቤ ታሽቶ የሚታደርበት ሳይሆን ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬድ ነው።

እንግዲህ ይህ አጥንት የቆመው በጡንቻ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ጥንቃቄውም ለጡንቻው ሊሆን እንደሚገባ ይረዳል፤ ሸክምን ለሁለት ማንሣት፣ ትከሻን ማፈራረቅ፣ የዛለውንም ማሳረፍ ከሁሉ ይቀድማል። የሺሺንዳውም ጫኝ ጆንያውን አራግፎ ሲመለስ ትከሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ አዙሮ ያፍታታል፤ የሚቀጥለውንም ጆንያ በሌላው ትከሻው ይቀበላል።