የጫኖ ቦይ በኮምፒውተር ገጽ ላይ

በዛሬው ዘመን ሲቪል ምሕንድስና የሚማር ተማሪ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ በቲ-ስኩዌርና በቀለም ብዕር ሲደክም አይታይም። መስመሩን የሚያሰምርለት፣ ከፍታውን የሚያሰላለት፣ የሚቆፈረውን አፈር መጠን የሚነግረው ኮምፒውተር ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር ልብ ልንለው ይገባል። የእጅ ንድፍ የተበላሸ እንደ ሆነ ወረቀቱ ራሱ ያሳብቃል፤ ቀለሙ ይፈሳል፣ መስመሩ ይጣመማል። የኮምፒውተር ንድፍ ግን ስሕተቱንም እንደ እውነቱ አሳምሮ ያወጣዋል። ስለዚህ አውቶካድና ሲቪል ስሪ-ዲ በሚባሉት የንድፍ ሶፍትዌሮች ስንሠራ ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭና በምን እንደሚታወቅ፣ ሁላችን የምናውቀውን የጫኖን መስኖ ምሳሌ አድርገን ለትምህርት ጓደኞቻችን ለመግለጥ አሰብን።

የዚህ ዐይነቱ ሥራ አባት ራሱ ተማሪ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን አናስታውስም። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬቱ «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ በብርሃን ብዕር በኮምፒውተር ገጽ ላይ መስመር አሰመረ። አውቶካድ ለገበያ የወጣው ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ነው። የእኛም ቤት በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲከፈት፣ ከዚያም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ውሃ ከትምህርቱ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከመንገዱም ከሕንፃውም ይልቅ ቦዩን ምሳሌ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ጫኖ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ወደ ሶዶ በሚወስደው ጎዳና ላይ ይገኛል። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ ተብሎም ይከፈላል። በምዕራቡ የጋሞ ደጋ ተራሮች፣ በምሥራቁ የአባያ ሐይቅ አለ። የሐሬ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በዚህ ሜዳ ያልፍና ወደ ሐይቁ ይገባል። የጫኖ ሙዝና ማንጎ የሚጠጣውም ከዚሁ ወንዝ በቦይ የተጠለፈውን ውሃ ነው። የቦታው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ይጠጋል። ይህን የምንዘረዝረው ለጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር ወደ ኋላ ንድፋችንን የምንፈትንበት ሚዛን ይሆናልና።

መጀመሪያ የሚመጣው የመለኪያ ጣጣ ነው። ሶፍትዌሩን ከፍተን አዲስ ንድፍ ስንጀምር ከሁለት ዐይነት አብነት አንዱን እንድንመርጥ ያደርገናል፤ አንዱ በሜትር፣ ሁለተኛው በአሜሪካኖች ጫማና ኢንች የተሰናዳ ነው። ተማሪ ሳያስተውል በጫማው አብነት ጀምሮ በሜትር የተለኩ ነጥቦችን ያስገባ እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ ምንም ጉድለት አይታይበትም። ጉዱ የሚገለጠው የአፈሩ ቁፋሮ ሲሰላ ነው። ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ኩቢክ ጫማ መስሎት ወደ ኩቢክ ያርድ ለመለወጥ በ27 ያካፍለዋል፤ ስለዚህ 2,700 ሜትር ኩብ የሆነው ቁፋሮ 100 ተብሎ ይወጣል። በዚህ ቁጥር ጨረታ ቢወጣ ተቋራጩ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። እንደዚሁም በሚሊሜትር የተነደፈ የ600 ሚሊሜትር ቱቦ በሜትር በተነደፈው ካርታ ላይ ያለ መጠን ማስተካከያ ቢገባ 600 ሜትር ሆኖ ጫኖን በሞላ ይሸፍናል። ይኸኛው ስሕተት ግን የዋህ ነው፤ ወዲያው ራሱን ያጋልጣል። መድኃኒቱም «ዩኒትስ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ፣ ከሁሉ በፊት፣ መለኪያውን መመልከት ነው።

ሁለተኛው ግን ተንኰለኛ ነው። ከቶታል ስቴሽን የሚወጣው የነጥቦች ፋይል በየመስመሩ ቁጥር፣ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ከፍታና መግለጫ ይይዛል። አንዳንዱ መሣሪያ ግን ምሥራቁን አስቀድሞ ሰሜኑን ያስከትላል። ሶፍትዌሩ ቅደም ተከተሉን እንድንነግረው ይጠይቀናል፤ «ፒ-ኤን-ኢ-ዜድ-ዲ» ወይስ «ፒ-ኢ-ኤን-ዜድ-ዲ» ይላል። የሁለት ፊደል መዘዋወር ነው። ሲሳሳቱበት ምን ይሆናል? አገሩ በመስታወት እንደሚታይ ይገለበጣል። የከፍታ መስመሮቹ ሳይጣረሱ ይወጣሉ፣ ቦዩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል፤ ነገር ግን የግራው ዳር ቀኝ፣ የቀኙ ዳር ግራ ሆኗል። ወደ ሙዙ መከፈት የሚገባው የውሃ መውጫ ወደ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው።

ለዚህ ከመጽሐፍ ይልቅ ጫኖን ማወቅ ይረዳል። ጫኖ ባለበት በ37ኛው የዩቲኤም ቀጠና የምሥራቁ ቁጥር 340,000 ገደማ፣ የሰሜኑ ደግሞ 670,000 ገደማ ሜትር ነው። ትልቁ ቁጥር የሰሜኑ ነው ብለን በቃላችን ብንይዝ ይበቃናል። ቁጥር የማይወድ ደግሞ ሐይቁን ይፈልግ፤ አባያ በስተ ምሥራቅ መሆኑ ቀርቶ በስተ ሰሜን ከታየ ነጥቦቹ ተገልብጠዋል።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ የአገራችን ልዩ ችግር አለ። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስና ስልካችን ቦታን የሚናገሩት ደብልዩ-ጂ-ኤስ 84 በሚባለው የዓለም ሥርዓት ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች ግን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ስሙም በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ካለ የቅየሳ ነጥብ የተወሰደ ነው። አንዱ ነጥብ በሁለቱ ሥርዓቶች ሲነገር ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይራራቃል። በመሆኑም በጂፒኤስ የተወሰደ የቦይ መነሻ በአዲንዳን ካርታ ላይ ያለ ለውጥ ቢቀመጥ ወንዙ ካለበት ሳይሆን ከሰው ሙዝ ማሳ መካከል ይጀምራል። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሥርዓቶች ያውቃል፤ የትኛው እንደ ሆነ ካልነገርነው ግን አይጠይቀንም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መሬቱ ገጽ እንምጣ። ሲቪል ስሪ-ዲ ነጥቦቹን ሦስት ሦስት እያደረገ በሦስት ማዕዘኖች ያያይዝና ከዚያ የከፍታ መስመር ያወጣል። የሚያያይዘውም በቅርበታቸው እንጂ ቦዩ የት እንዳለ አውቆ አይደለም። አንድ ሜትር ስፋት ባለው የጫኖ ቦይ ላይ በየ20 ሜትሩ ከግራ ዳር፣ ከቀኝ ዳርና ከወለሉ ነጥብ ቢያዝ፣ ሦስት ማዕዘኑ ከዳር ወደ ዳር ዘሎ በወለሉ ላይ ግድብ ይሠራል። በንድፉ ላይ ቦዩ የተሰባበረ፣ ጉድጓድና ጉብታ የተደረደረበት ሆኖ ይታያል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ ሶፍትዌሩ ተበላሸ ብሎ አጥፍቶ እንደገና ይጭነዋል፤ በከንቱ ይደክማል። መፍትሔው የዳሩን ነጥቦች በአንድ መስመር፣ የወለሉን በሌላ መስመር አያይዞ «ብሬክላይን» ነው ብሎ ለሶፍትዌሩ መንገር ነው። ያን ጊዜ ሦስት ማዕዘኑ መስመሩን አያቋርጥም። ሙዝ ጥቅጥቅ ብሎ መሣሪያው ፕሪዝሙን ማየት በማይችልበት ስፍራም ነጥብ ስለሚያንስ ረዣዥም ሦስት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ፤ እነዚያን በወሰን መቁረጥ እንጂ እውነት ናቸው ብሎ ማመን አይገባም።

ከፍታው ሳይጻፍ የቀረ ነጥብም አለ። በዜሮ ከፍታ የገባ እንደ ሆነ በጫኖ ሜዳ ላይ 1,200 ሜትር የሚጠልቅ ገደል ይከፈታል። ከ1,000 ሜትር በታች ያለውን ነጥብ ሁሉ ተው ብሎ ማዘዝ ይቻላልና ይህ አያስጨንቅም።

የሚያስጨንቀው ትንሹ ስሕተት ነው። ፕሪዝሙን የያዘው ሰው በቅጠሉ ምክንያት ዘንጉን ከ1.50 ወደ 2.00 ሜትር ከፍ አድርጎ ለመሣሪያው ጠባቂ ሳይነግር ቢቀር፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ይላሉ። ቦዩ በሺህ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር የ500 ሜትር ቦይ ውርደት ነው! ውሃው ከዚያ አልፎ አይሄድም፤ ከቦዩ ግርጌ ያለው ገበሬም ተራው ሲደርስ ደረቅ አፈር ያያል። በየትኛውም ትእዛዝ ይህን ከኮምፒውተሩ ላይ ማግኘት አይቻልም። የሚገኘው ልኬቱን ከታወቀ የከፍታ ምልክት ጀምሮ እዚያው ምልክት ላይ በመዝጋት ነው፤ አሮጌው ሌቭልና ስታፍ ዛሬም ሥራ አላቸው የምንለው ስለዚህ ነው። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በማሳው ያለውን ገበሬ መጠየቅም ነውር የለውም፤ በነጻ ከሚገኙት ማረጋገጫዎች የተሻለው ይኸው ይመስለናል።

ስለ ፋይል ጥቂት እንበል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ንድፉ አልከፈት ያለ እንደ ሆነ ከመደናገጥ በፊት «ሪከቨር» የሚለውን መሞከር ነው። እምቢ ካለ በዚያው አቃፊ «ባክ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል አለ፤ እርሱ ከመጨረሻው በፊት የተቀመጠው ሥራ ነው። ቅጂውን ወስዶ ቅጥያውን ወደ «ዲ-ደብልዩ-ጂ» መለወጥ ይበቃል። በ2018ና ከዚያ ወዲህ በወጣው አውቶካድ የተቀመጠ ንድፍ በላቦራቶሪው አሮጌ ኮምፒውተር አይከፈትም፤ በ2010 ቅርጽ አስቀምጦ መምጣት ያስፈልጋል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞሩት የተሰበሩ ቅጂዎች ግን ሌላ መዘዝ አላቸው። «አካድ-ዶክ» የሚል ያልጻፍነው ፋይል በንድፋችን አጠገብ ከተገኘ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ «ኤክስፕሎድ» ብለን ስናዝ መልስ የሚነሣን አንዳንድ ጊዜ እርሱ ነው። ኩባንያው ተማሪነቱን ላረጋገጠ ሁሉ በየዓመቱ የሚታደስ ነጻ ፈቃድ ስለሚሰጥ በተሰረቀው መሥራት ምን ይጠቅማል? ኢንተርኔቱ እስኪያወርደው መታገሥ የግድ መሆኑን ግን አንክድም።

በመጨረሻ የፊደሉ ጉዳይ አለ። በንድፉ ላይ «ጫኖ ዶርጋ» ብለን ስንጽፍ በጥያቄ ምልክት ወይም በባዶ ሣጥን የሚመለስልን፣ ሶፍትዌሩ አማርኛ ስለማይችል አይደለም። አስቀድሞ የተመረጠው «ኤስ-ኤች-ኤክስ» የሚባለው የፊደል ዐይነት የእኛን ፊደል ስላልያዘ ነው። «ስታይል» ብሎ ጽፎ «ኒያላ»ን ወይም «አቢሲኒካ»ን መምረጥ ነው፤ ንድፉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ፊደሉም አብሮ መሄዱን ማየት ነው። ቦዩን የሚጠግኑት የውሃ ተጠቃሚዎች ሉሁን ሲዘረጉት የየራሳቸውን መውጫ ስም አንብበው ጣታቸውን ሊያኖሩበት ይችላሉ።