የሰላዩ ጀግንነትና የተመልካች ፍርድ

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ ጄምስ ቦንድ የተባለውን ሰላይ ለአንባቢ ያስተዋወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ነበር። በ1964 ጎልድፊንገር የተሰኘው ፊልም በወጣ ጊዜ፣ ሰላዩ እንቢ ያለችውን ሴት በጉልበት ሲስማት ብዙው ተመልካች እንደ ወንድነት ቈጥሮለት ነበር፤ ዛሬ ግን ያንኑ ትርኢት የሚያይ ሰው ፊቱን ያጠቍራል።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ወደ ነቀፌታ ብቻ አላዘነበለም። በ1969 ጆርጅ ላዘንቢ በሠራው ፊልም ሰላዩ ሚስቱን በሠርጉ ዕለት በጥይት ተነጥቆ በሐዘን ይቀራል። ይህ የተሸነፈ ጀግና በጊዜው ቀዝቀዝ ያለ አቀባበል ቢያገኝም፣ ዛሬ ፊልሙን ከበላጮቹ መካከል የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው።

በ2023 ደግሞ የፍሌሚንግ መጻሕፍት እንደገና ሲታተሙ ዘርን የሚያዋርዱ አንዳንድ ቃላት ከውስጣቸው ወጥተዋል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በነጋዴ መዝገብ ላይ ስሕተት ቢገኝ በአጠገቡ ይታረማል እንጂ አይፋቅም፤ የተፋቀ መዝገብ ለምስክርነት አይበቃምና። የቀድሞው ጽሑፍ ሳይነካ ቢቆይ፣ ትናንት የተጨበጨበለትንና ዛሬ የሚታፈርበትን አስተያይተን የራሳችንን መለወጥ እንለካበታለን።