ከበቆሎ በፊት የተዘራ ግብጦ የዩሪያን ወጪ ይቀንሳል?

ፍኖተ ሰላም፦ ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበቆሎ አምራችነታቸው ይታወቃሉ። በቆሎ ናይትሮጅንን አብዝቶ የሚፈልግ ሰብል በመኾኑ ዩሪያ የዘገየበት ወይም ዋጋው የከበደው አርሶ አደር ምርቱ ይቀንስበታል። በምዕራብ ጎጃም ለረጅም ዘመን ሲዘራ የኖረው ግብጦ ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኝ ሰብል ነው። ታዲያ ግብጦ በተነሳበት ማሳ በቆሎ ቢዘራ የዩሪያ ወጪ ይቀንሳል? መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ገለባው የት እንደገባ ነው።

በጥራጥሬ ሰብሎች ሥር ላይ ትንንሽ እባጮች ይታያሉ። በውስጣቸው የሚኖሩት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጡታል። ተክሉ ሲያብብ በጥንቃቄ ተነቅሎ እባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከኾነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ይኹን እንጂ ሰብሉ ሲደርስ ከናይትሮጅኑ አብዛኛው በፍሬው ውስጥ ይከማቻል። ፍሬው ተወቅቶ፣ ገለባውም ለማገዶ ከተወሰደ ለማሳው የሚተርፈው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ነው። ተክሉ በአበባው ወቅት በእርሻ ቢገለበጥ ለአፈሩ የተሻለ ነው፤ የዚያ ዓመት ፍሬ ግን አይገኝም። አነስተኛ ማሳ ላለው አርሶ አደር መካከለኛው መንገድ ፍሬውን ሰብስቦ ገለባውን ወደ ማሳው መመለስ ነው።

ቀዝቃዛ ክረምት ባላቸው የውጭ ሀገራት እንደ ቬች ያሉ ጥራጥሬዎች በብርዱ ወራት ማሳውን ሸፍነው ይቆዩና በቆሎ ከመዘራቱ በፊት ይገለበጣሉ። በጎጃም ግን ከዝናቡ በኋላ ሰብሉን የሚያቆየው የአፈሩ ቀሪ እርጥበት ሲኾን ልቅ ግጦሽም ፈተና ነው። ግብጦ መራራ በመኾኑ ከብት እምብዛም አይነካውም፤ አሲዳማና ለምነቱ የቀነሰ አፈርንም ይቋቋማል። በቆሎ ግን እንደ ግብጦ አሲዳማነትን ስለማይችል፣ እንደ ግሽ ዓባይ ዙሪያ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች አፈሩ ተመርምሮ ኖራ ሊያስፈልግ ይችላል።

ግብጦ ማዳበሪያን ያግዛል እንጂ አይተካም። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለው። የደረቀ የግብጦ አገዳ ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ቡቃያው መነሻ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ቀሪው ዩሪያ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ በሽልሻሎ ጊዜ፣ እርጥብ አፈር ላይ ተጨምሮ አፈር ቢለብስ ብክነቱ ይቀንሳል።

መጠኑን መቀነስ የሚፈልግ አርሶ አደር ሙሉ ማሳውን ለአደጋ ማጋለጥ የለበትም። በአንዱ ጥግ ብቻ ዩሪያውን ቀንሶ፣ ምርቱን ከቀሪው ለይቶ በመመዘን ለቀጣዩ ዓመት መወሰን ይችላል።