አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ምን እንጠይቅ?



ውድ አድማጮቻችን፤ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ለሱብሒ ውዱእ ልታደርግ ስትነሳ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት እንበል። ጎረቤት «የደጋ ብርድ ነው» ይላታል። ዓረብ ሀገር ያለች ልጇ ደግሞ «ለቁርጥማት አዲስ የወጣ ነው» ብላ እንክብል በሰው ትልክላታለች። ትዋጠው ወይስ ትተወው?

በመጀመሪያ ሕመሙን እንለይ። የሁለቱም እጆች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡ፣ ጠዋት ሳይፍታቱ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆዩ፣ ይህም ለሳምንታት ከዘለቀ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። መነሻው ብርድ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሕክምናው ከዘገየ መገጣጠሚያው ይበላሻል፤ የተበላሸውም አይመለስም።

ለዚህ ሕመም ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታዘዘው ነባሩ ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስህተት በየቀኑ ቢዋጥ ሕይወት ያጠፋል። ነፍሰ ጡር አትወስደውም፤ የደምና የጉበት ምርመራም ያስፈልገዋል።

ከአዲሶቹ አንዱ ቶፋሲቲኒብ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በአሜሪካ ሲፈቀድ ሜቶትሬክሴት በበቂ ሁኔታ ላልረዳቸው አዋቂዎች ነበር። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆነና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር ያለባቸው ከ4,300 በላይ ሕሙማን ለዓመታት ተጠኑ። ቶፋሲቲኒብ ከወሰዱት መካከል ከባድ የልብ ሕመምና ካንሰር ከሌላ ዓይነት መድኃኒት ከወሰዱት በዝቶ ታየ። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በመስከረም 2021 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ። መድኃኒቱ አልታገደም፤ የሚሰጣቸው ሰዎች ግን ተወሰኑ።

ስለዚህ «ተፈቅዷል» ማለት «ለሁሉም ይሆናል» ማለት አይደለም። አዲስ መድኃኒት ሲቀርብልን ሐኪሙን እንዲህ እንጠይቅ፦ ከየትኛው መድኃኒት ጋር ተወዳደረ? የተጠናው በእንደኔ ዓይነት ሰው ላይ ነው? ለስንት ጊዜ ተከታተሉት? ሳላቋርጥ ልገዛው እችላለሁ?

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። እነዚህ መድኃኒቶች የመከላከያ ኃይልን ስለሚያዳክሙ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። አልማዝ ባለጭራም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሳይጀመሩ የነቀርሳ ምርመራ ግድ ነው።

እንግዲህ እናታችን እንክብሉን ከነማሸጊያው ይዛ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ሐኪም ሳያየው አትዋጠው፤ ለጎረቤትም አታካፍል። የጀመረችውንም መድኃኒት በራሷ አታቋርጥ። ረመዳን ሲቃረብ የምትወስድበትን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትወስን።

ሰበቡን ማድረስ የእኛ ነው፤ ሺፋው ከአላህ ነው።