ሁለቱ ሲጋጩ ማን ያተርፋል?

ምክር ሻጭ የበዛበት ዘመን ነው፤ የሚያማርረውም ሰው በዝቷል። በቴሌግራም የኳስ ውርርድ ጥቆማ የሚሸጥ አለ፣ የፎሬክስ «ሲግናል» የሚሸጥ አለ። ባሕር ማዶ ደግሞ፣ የኢንተርኔት ፖከር በሕግ በተፈቀደባትና ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ላስ ቬጋስን በመሰሉ ከተሞች፣ በስልክ የሚካሄዱ ትንንሽ የፖከር ውድድሮችን ማሸነፊያ ስልት የሚሸጠው ይጨመርበታል። ቅሬታው የትም አንድ ነው፦ «የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ፣ ገንዘቤ ግን አለቀ።» የሻጩም መልስ የትም አንድ ነው፦ «ዲሲፕሊን አጥተህ ነው።»

ከሦስቱ ፖከሩን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በኳስ ግምት ማን ትክክል እንደነበረ ተከራክሮ መጨረስ አይቻልም። የትንሽ ፖከር ውድድር ግን የተጫዋቹ ቁጥር፣ የመግቢያ ክፍያውና ሽልማቱ አስቀድሞ ታውቆ ነው የሚጀመረው። ምክሩ ትክክል ይሁን አይሁን በእርሳስና በወረቀት ይፈተሻል። የሚፈትሸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ።

የተለመደውን ዓይነት እንውሰድ። ዘጠኝ ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ 11 ዶላር ይከፍላል፤ 10ሩ ለሽልማት፣ 1ዱ ውድድሩን ለሚያካሂደው ቤት። የ90 ዶላሩ ሽልማት 50፣ 30 እና 20 በመቶ ተብሎ ይከፈላል፦ ለአንደኛው 45፣ ለሁለተኛው 27፣ ለሦስተኛው 18። ስድስቱ ባዶ እጃቸውን ይነሳሉ።

ምክር ሻጩ በመጀመሪያ የሚያሳየው ውጤቱን ነው። «በመቶ ውድድር ይህን ያህል አተረፍኩ» ይላል፤ ወደ ላይ የሚወጣ መስመርም ይለጥፋል። እስቲ ምንም ብልጫ የሌለውን፣ ከሌሎቹ ስምንቱ ጋር እኩል የሆነውን ተጫዋች እናስብ። በየውድድሩ 11 ከፍሎ በአማካይ 10 ይመለስለታል፤ በመቶ ውድድር 100 ዶላር መክሰር አለበት። ነገር ግን ውጤቱ በዕድል የሚዋዥቅበት ስፋት በመቶ ውድድር ወደ 155 ዶላር ስለሚደርስ፣ እንዲህ ካሉት ተጫዋቾች ከአራቱ አንዱ ግድም ከመቶ ውድድር በኋላ አትራፊ ሆኖ ይገኛል። በሺህ ውድድር ግን ከመቶው ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው በትርፍ የሚቆዩት። በተቃራኒው ደግሞ በእውነት የሚችል፣ በረጅሙ 10 በመቶ የሚያተርፍ ተጫዋች ከመቶ ውድድር በኋላ በኪሳራ የመገኘት ዕድሉ እንዲሁ ከአራት አንድ ግድም ነው። ስለዚህ የመቶ ውድድር መስመር የሚችለውን ከማይችለው አይለይም። ያንን መስመር አይቶ የሚከፍል ሰው የዕድለኞችን ማስታወቂያ ነው የሚገዛው።

ውጤቱ ካልመዘነልን ምክሩን ራሱን መመዘን አለብን። አብዛኛው ምክር የሚጀምረው ከድፍረት ነው። የሚጠቀሰውም ታሪክ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለው የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ 86 ዶላር ከፍሎ በኢንተርኔት ማጣሪያ አለፈና፣ መግቢያው 10,000 ዶላር በሆነው የዓለም የፖከር ውድድር 839 ሰው ከተሳተፈበት አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ ወዲህ «ቺፕ ሰብስብ፣ ለመጀመሪያነት ተጫወት» የሚለው ቃል እንደ ሃይማኖት ይሰበካል። ለዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ግን ይህ ምክር ገንዘብ ያስከፍላል። ለምን እንደሚያስከፍል በስህተት የሚያስረዱት ብዙዎች ስለሆኑ እዚህ ላይ ልቆይ።

አራት ሰው ቀርቷል እንበል፤ ገንዘብ የሚያገኙት ሦስቱ ናቸው። ቺፑ፣ ማለትም የሚወራረዱበት መቁጠሪያ፣ እኩል ተከፍሏል፣ ለእያንዳንዱ 3,375። ስለዚህ የእያንዳንዱ ድርሻ ዋጋ የ90 ዶላሩ ሩብ፣ 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ሁለቱ ያላቸውን ሁሉ አስገብተው ተጋጩ። የተሸነፈው ወጣ፤ ያሸነፈው 6,750 ቺፕ ያዘ፣ የጠረጴዛውን ግማሽ። ቺፑ በእጥፍ ስላደገ ዋጋውም ወደ 45 ዶላር አደገ የሚል ብዙ ነው። ግን 45 ዶላር እኮ ቺፑን በሙሉ ለሰበሰበ ሰው የሚከፈለው ነው! የግማሹ ዋጋ እንዴት ከሙሉው ጋር እኩል ይሆናል?

ስሌቱ ቀላል ነው። ግማሹን የያዘው አንደኛ የመውጣት ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሁለተኛ የመውጣት አንድ ሦስተኛ (ሌላው አንደኛ ሲወጣ ከቀረው ቺፕ ሁለት ሦስተኛው የእሱ ነውና)፤ ሦስተኛ የመውጣት አንድ ስድስተኛ። የ45 ግማሽ 22.50፣ የ27 ሲሶ 9፣ የ18 ስድስተኛ 3 ነው፤ ሲደመር 34 ዶላር ከ50። ከግጭቱ በፊት ሁለቱ በጋራ የ45 ዶላር ድርሻ ነበራቸው፤ ከግጭቱ በኋላ በሁለቱ በኩል የቀረው 34.50 ነው። 10 ዶላር ከ50 የት ሄደ? ካርታቸውን ጥለው እጃቸውን አጣጥፈው ወደተመለከቱት ሁለቱ። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ከ22.50 ወደ 27.75 አደገ፤ ያውም አንዲት ቺፕ ሳያስገቡ።

ይህ ስሌት የተወለደው ከፖከር ውጭ ነው። ዴቪድ ሃርቪል እ.ኤ.አ. በ1973 ለፈረስ እሽቅድምድም ያወጣው ቀመር ነው፤ ሜሰን ማልሙት በ1980ዎቹ ወደ ፖከር አመጣው። ዛሬ አይሲኤም ይባላል። የሚቀጥለውን ዙር ብላይንድም (ካርታ ከመታየቱ በፊት በየተራ በግዴታ የሚገባውን ቺፕ) ሆነ የተጫዋቹን ችሎታ አይቆጥርም፤ ቢሆንም ከድፍረት ስብከት እጅግ ይሻላል።

አሁን ወደ ስህተቱ። አይሲኤምን የሰሙ አስተማሪዎች «ገንዘቡ ሲቃረብ ተጠንቀቅ፣ እጅህን ሰብስብ» ብለው ያስተምሩታል። ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በዚህ ጨዋታ ከሙሉ ውሸት የበለጠ ያስከፍላል። ስሌቱ ውድ ነው የሚለው ግጭቱን ነው። ግጭት እንዲኖር ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ ቀድሞ የሚያስገባና ተከትሎ የሚቀበል። የሚቀበለው 22.50 አስይዞ 34.50 ለማግኘት ነው የሚጫወተው፤ ብላይንዱን ለጊዜው ትተን፣ እንዳይከስር ከመቶ 65 ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ሁለት ኩዊን ይዞ ከኤስና ኪንግ ጋር የተጋጠመ ሰው የሚያሸንፈው ከመቶ 56 ጊዜ ግድም ነው፤ በመጀመሪያው ዙር፣ 55 ጊዜ ማሸነፍ በሚበቃበት ሰዓት፣ ለጥቂት ያዋጣዋል። አራት ሰው ሲቀር ግን ያከስረዋል። ኤስና ኪንግ የያዘውም ተጋጣሚው ያገኘውን ሁለት ካርታ ሁሉ እያስገባ ቢሆን እንኳ የማሸነፍ ዕድሉ 65 በመቶ ግድም ነው፤ ልክ ጠርዙ ላይ።

የሚቀበለው እንዲህ ከታሰረ ቀድሞ የሚያስገባው ነፃ ነው። ሌላው ካርታውን ለመጣል የተገደደ መሆኑን ስለሚያውቅ በደካማ ካርታም ገፍቶ ብላይንዱን ያለ ግጭት ይሰበስባል። በተለይ ብዙ ቺፕ የያዘው፣ ቢሸነፍም ከጠረጴዛው ስለማይወጣ፣ በዚህች ሰዓት ደጋግሞ መግፋት ይገባዋል። እንግዲህ ከአንዱ ስሌት ሁለት ተቃራኒ ምክር ወጣ፦ ለሚቀበለው ጥንቃቄ፣ ለሚገፋው ድፍረት። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ደግሞ ሁሉም ይሻራል፤ 27ቱ ዶላር የሁለቱም ነው፣ የሚጣሉት ለ18ቱ ነውና ቺፑ እንደ ገንዘብ እኩል ለእኩል ይመነዘራል። የማለፊያ ትኬት የሚታደልበት ማጣሪያ ውድድር ላይ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ለሁሉም አሸናፊ አንድ ዓይነት ትኬት ስለሚሰጥ ሁለት ኤስ መጣል ትክክል የሚሆንበት ሰዓት አለ።

የእኔ መመዘኛ ከዚህ ይነሳል። ስንት ሰው እንደቀረ፣ ሽልማቱ እንዴት እንደሚከፈል፣ ማን ስንት ቺፕ እንደያዘ፣ ብላይንዱ ስንት እንደደረሰ ሳይጠቅስ «ኤስና ኪንግ አይጣልም» የሚል ሰው ምክር አልሰጠም። እነዚህን አራቱን ጠቅሶ የሚናገር ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ ይታያል፣ ይታረማል።

ከዚያ በፊት ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ለመካሪው የሚከፍለው ማን ነው? የብዙዎቹ ገቢ ከጨዋታው አይመጣም። በእነሱ ማስፈንጠሪያ የተመዘገበ ደንበኛ ለቤቱ ከሚከፍለው ኮሚሽን ድርሻ ይቆረጥላቸዋል። እንዲህ ያለው መካሪ የሚጠቀመው እናንተ ብዙ ስትጫወቱ ነው፤ ብታሸንፉ ባታሸንፉ ገቢው አይቀንስም። «ብዙ ውድድር ክፈት፣ ልምድ ይሰጥሃል» የሚለው ምክር ለምን እንደበዛ የሚነግረኝ ይህ ነው። ከተማሪው ትርፍ ላይ ብቻ ድርሻ የሚወስድ አስተማሪ በእኔ ሚዛን ይቀድማል።

የቤቶቹን ቁጥርም አላምንም። ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ከፈልን ሲሉ የተጫዋቾቹን ገንዘብ፣ ድርሻቸውን ቆርጠው፣ መልሰው ማከፋፈላቸውን ነው የሚነግሩን። በጠረጴዛችን 90 ለመክፈል 99 ተሰብስቧል። እንደ ሻርክስኮፕ ያሉት ውጤት መዝጋቢዎች ይሻላሉ፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ውጤቱን ከሕዝብ ዓይን መሰወር ስለሚችል በይፋ የሚታየው ወደ አሸናፊው ያዘነብላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ጥሩ ምክር ቢገኝስ? ለቤቱ የምትከፈለው 1 ዶላር አለች። በ11 ዶላር መግቢያ ላይ ከሌሎቹ 10 በመቶ የተሻለ የሚጫወት ሰው ገና ዜሮ ላይ ነው፤ የምክሩ ዋጋ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በወር 50 ውድድር የሚጫወት ሰው ለቤቱ 50 ዶላር ከፍሏል። የ100 ዶላር ኮርስ ከገዛ ደግሞ ወጪውን ለመመለስ ብቻ፣ በየውድድሩ አንድ ዶላር በሚያተርፍ ችሎታ፣ ሁለት ወር ያስፈልገዋል፤ በእነዚያ መቶ ውድድሮች ደግሞ ዕድል ብቻውን 155 ዶላር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወስደው ይችላል። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን ምክር ሻጮቹንም ሊቆጣጠሩ ይገባል፤ ቢያንስ የተጫወቱትን ሁሉ፣ የከፈሉትን ኮሚሽን ጨምሮ፣ ከማስታወቂያቸው ጋር እንዲያወጡ ማስገደድ ይቻላል።